ለዲሲ ሜትሮ የጣቢያ ሠራተኞች ምስጋና፣ ብቻውን ለሚመጣ እንግዳም ጥቆማ

በዋሽንግተን ዲሲ የባቡር ጣቢያዎች፣ ካርድ ከሚነካበት በር አጠገብ ባለችው የመስታወት ክፍል የሚቀመጡት ስቴሽን ማናጀሮች በአደባባይ ሊመሰገኑ ይገባል። ተቀባይ ዘመድ ሳይኖረው የመጣ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት መንገድ ሲጠፋው ወይም በሩ አልከፈት ሲለው የሚደርሱለት እነሱ ናቸው። እግዜር ይስጥልን።

መልሳቸው አጭር ነው። ቁጣ እንዳይመስላችሁ፤ ከኋላችሁ ሰው ተሰልፏል። የምትሄዱበትን ጣቢያ ስም በወረቀት ወይም በስልክ ጽፋችሁ አሳዩ፤ ካርዱን ከማስነካታችሁ በፊት ጠይቁ።

ከአዲስ አበባ የሚመጣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚያርፈው ደለስ (Dulles) ኤርፖርት ነው። ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲልቨር (ብርማ) የሚባለው የሜትሮ ባቡር መስመር እስከ ኤርፖርቱ ይደርሳል። ሻንጣ ከምትረከቡበት ፎቅ የሜትሮሬይልን ምልክት ተከትላችሁ በምድር ውስጥ መተላለፊያው ሂዱ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ባቡሩ ላይ ሲወጣ ነው። አሽበርን የሚል ከተሳፈራችሁ ከከተማው እየራቃችሁ ነው፤ ሁለት ጣቢያ ሄዶ ያበቃል። ዳውንታውን ላርጎ ወይም ኒው ካሮልተን የሚለውን ያዙ፤ መሃል ከተማ ያለው ሜትሮ ሴንተር ጣቢያ ለመድረስ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። በየትኛውም መስመር ከቀለሙ ጋር የመጨረሻውን ጣቢያ ስም ካላያችሁ አቅጣጫው ይጠፋችኋል።

ስማርትሪፕ የሚባለው የሜትሮ መሳፈሪያ ካርድ ከማሽን በ2 ዶላር ይገዛል፤ ሂሳብ ትሞሉበታላችሁ። መልሱ ሳንቲም ስለሆነ ትልቅ ኖት አታስገቡ። ከ2025 ወዲህ የባንክ ካርድ በቀጥታ ማስነካትም ይቻላል። ዋናው ነገር የገባችሁበትን ራሱን ይዛችሁ መውጣት ነው። ዋጋው በርቀት የሚሰላ ስለሆነ በካርድ ገብታችሁ በስልክ ብትወጡ፣ ማሽኑ አንዱን እንዳልወጣ፣ ሌላውን እንዳልገባ ይቆጥራል። ስልካችሁ ላይ የጫናችሁት ያው የባንክ ካርድ ቢሆን እንኳ ቁጥሩ የተለየ ነው። እንዲህ ሲሆን ሌላ ካርድ እየቀያየራችሁ አትሞክሩ፤ ወደ መስታወቷ ክፍል ሄዳችሁ የት እንደገባችሁ ተናገሩ። ለሁለት ሰው አንድ ካርድም አይሠራም።

በሥራ ቀን እስከ ምሽቱ 3:30 (በአሜሪካ አቆጣጠር 9:30) ዋጋው ከ2.25 እስከ 6.75 ዶላር ነው። ከዚያ በኋላ እንዲሁም ቅዳሜና እሑድ ከ2.50 አይበልጥም። ራቅ ያለ ቦታ ለማየት ካሰባችሁ ለቅዳሜ አቆዩት።

መውጫውንም ጠይቁ። ዩ ስትሪት ጣቢያ በ10ኛውና በ13ኛው ጎዳና በኩል ይወጣል፤ 9ኛው ጎዳና ላይ ላሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች የ10ኛው ይቀርባል። ስሚዝሶኒያን ጣቢያም ሁለት መውጫ አለው፤ ለተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ሞል (ሙዚየሞቹ የከበቡት ሰፊ መስክ) የሚለው ነው የሚበጃችሁ። የስሚዝሶኒያን ሙዚየሞች በነጻ ናቸው፤ የአፍሪካ አሜሪካውያን ታሪክና የአየርና ጠፈር ሙዚየሞች ግን ሰዓት ያለው ነጻ ትኬት አስቀድሞ በኢንተርኔት መያዝ ይጠይቃሉ።

አድራሻ ስታሳዩ መጨረሻው ላይ ያለውን ኖርዝዌስት፣ ሳውዝኢስት የመሰለውን ቃል አትቁረጡ። ከተማዋ ከካፒቶል (ከምክር ቤቱ ሕንፃ) ተነስታ በአራት የተከፈለች ስለሆነች ያው የጎዳና ስም ሌላው ክፍል ውስጥም ይገኛል። ማናጀሩ "የትኛው?" የሚላችሁ ለዚህ ነው።

የቆየ የጉዞ ምክር ይዛችሁ ከመጣችሁ ደግሞ ሰርኩሌተር የሚባለው አውቶቡስ በ2024 መጨረሻ ቆሟል፤ የሜትሮ አውቶቡሶች የመስመር ስምና ቁጥርም በሰኔ 2025 ተቀይሯል። ባቡርና ጣቢያ ውስጥ መብላትና መጠጣት ክልክል ነው። መጸዳጃ ቤት ከፈለጋችሁ ማናጀሩን ጠይቁ፤ ይከፍቱላችኋል።

የረዳችሁ ሠራተኛ ካለ በሜትሮ ድረ ገጽ የደንበኞች አስተያየት ቅጽ ላይ ምስጋናችሁን ጻፉ። ማን እንደሆነ እንዲታወቅ የጣቢያውን ስም፣ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የተጠቀማችሁበትን መግቢያ አስገቡ።