አሜሪካ ሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ ለዲስአቢሊቲ (በህመም መስራት ላቃተው ሰው መንግስት ለሚከፍለው ገንዘብ) ለምታመለክቱ፣ ስለ አገልግሎቱ ያየሁትን ልንገራችሁ

አገልግሎቱ ጥሩ ነው፣ ግን ጥሩ የሚሆነው ተዘጋጅቶ ለሄደ ሰው ነው። ዲሲ አካባቢ ነው የምንኖረው፣ አጎቴ ብዙ ዓመት ታክሲ ነድተው ወገባቸውም ስኳሩም ሲጠናባቸው ስራ አቆሙ፣ ማመልከቻውን ያስገባነው አብረን ነው።

አንደኛ ነገር፣ ቢሮ የምታገኟት ሰራተኛ ታሟል አልታመመም ብላ አትወስንም። እሷ ማመልከቻውን ትቀበላለች፣ የስራ ታሪክና ገቢ ታያለች፣ ከዛ ፋይሉ ስቴቱ ጋ ያለው የዲስአቢሊቲ ውሳኔ ክፍል ይሄዳል፣ እዛ ያሉት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሰውየውን ሳያዩ ወረቀቱን አንብበው ነው የሚወስኑት። ስለዚህ ዋናው ስራ ያለው ቤት ውስጥ ነው።

ለዝግጅት የጠቀመን ዌብሳይታቸው ላይ በነፃ የሚገኘው ስታርተር ኪት ነው፣ ምን እንደሚጠይቋችሁ ቀድሞ ይነግራችኋል። የሄዳችሁባቸው ክሊኒኮች ስም፣ አድራሻ፣ ስልክ፣ መቼ መቼ እንደታያችሁ፣ የተነሳችሁት ኤምአርአይ ካለ፣ መድሃኒቱንም ማን እንዳዘዘው። እኛ የመድሃኒት ጠርሙሶቹን በሙሉ ጠረጴዛ ላይ ደርድረን ከላያቸው ነው የገለበጥነው። የስራ ታሪክ ድሮ 15 ዓመት ወደ ኋላ ነበር የሚጠየቀው፣ ከ2024 ሰኔ ጀምሮ 5 ዓመት ሆኗል፣ ትልቅ ቅለት ነው። ግን «ሹፌር» ብላችሁ ብቻ እንዳታልፉ፣ ስንት ሰዓት እንደምትቀመጡ፣ ኤርፖርት ሻንጣ ስታነሱ ምን ያህል ክብደት እንደሆነ፣ ቀን ስንቴ እንደምትወርዱና እንደምትወጡ ጻፉ።

አሁን ልቤ ያለበትን ልንገራችሁ። የኛ ሽማግሌዎች ሀኪም ፊትም ቢሆን «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» ነው የሚሉት፣ ማማረር ነውር ይመስላቸዋል፣ ዶክተሩም የሰማውን ይጽፋል፣ ያ ጽሁፍ ደግሞ ወሳኙ ሰው እጅ ይገባል። አጎቴ ጫማቸውን ራሳቸው ማሰር ካቆሙ ቆይተዋል፣ ባለቤታቸው ናቸው የሚያስሩላቸው፣ እኔ ይሄን የሰማሁት ፎርሙን ስንሞላ ነው፣ ዶክተራቸው ደግሞ ጭራሽ አያውቅም ነበር! በሚቀጥለው ቀጠሮ እንዲነግሩት ለመንኳቸው፣ ነገሩት፣ ተጻፈ። እባካችሁ አባቶቻችሁንና እናቶቻችሁን ከማመልከታችሁ በፊት ቁጭ አድርጋችሁ ጠይቋቸው፣ ስንት ደቂቃ መቆም ይችላሉ፣ ሌሊት ስንቴ ይነቃሉ፣ ማን ያጥባቸዋል። ጨምሩ ማለቴ አይደለም፣ እውነቱን ሳይሸፍኑ ይናገሩ ነው የምለው።

የገንዘቡ ነገር ሁለት መንገድ አለው። ኤስኤስዲአይ ሰርታችሁ ታክስ በከፈላችሁት ላይ የሚመጣ ነው፣ በዓመት ቢበዛ 4 ክሬዲት (ታክስ ከከፈላችሁበት ገቢ የሚቆጠር ነጥብ) ይያዛል፣ ብዙውን ጊዜ 40 ክሬዲት ይፈለጋል፣ ከሱም 20ው ባለፉት 10 ዓመታት ውስጥ የተሰራ መሆን አለበት፣ ወጣት ከሆናችሁ ያንሳል። ታክሲና ኡበር የምትነዱ ወንድሞቼ ይሄ እናንተን በደንብ ይመለከታል፣ ታክስ ላይ ገቢ አሳንሶ ማስገባት ያን ጊዜ ትርፍ ይመስላል፣ በኋላ ግን ክሬዲቱም ክፍያውም ያንሳል፣ ኦንላይን አካውንት ከፍታችሁ የተመዘገበላችሁን ዛሬውኑ እዩ። ኤስኤስአይ ደግሞ ገቢና ንብረቱ ትንሽ ለሆነ ሰው ነው፣ በ2025 ከፌደራል ይከፈል የነበረው ለአንድ ሰው በወር ቢበዛ 967 ዶላር ነበር፣ ንብረታችሁ ከ2000 ዶላር፣ ለባልና ሚስት ከ3000 ማለፍ የለበትም፣ የምትኖሩበት ቤትና አንድ መኪና አይቆጠርም። እቁብ ደርሷችሁ ባንክ የተቀመጠ ብር ካለ ግን ይቆጠራል፣ የሌላ ሰው ብር አካውንታችሁ ውስጥ አታስቀምጡ። ዜግነት የሌላችሁ ደግሞ የራሱ ህግ አለው፣ ለምሳሌ በሪፊውጂነት የገባና አሳይለም (ጥገኝነት) ያገኘ ሰው ኤስኤስአይ በጥቅሉ ለ7 ዓመት ነው የሚፈቀድለት፣ ስለዚህ አትዘግዩ።

ሌላው ሰዉ የሚያወራው «እንግሊዝኛ አልችልም በሉ፣ ይጠቅማችኋል» የሚለው ነገር ጊዜው ያለፈበት ነው፣ እንግሊዝኛ አለመቻልን የሚቆጥረው ደንብ በ2020 ሚያዝያ ቀርቷል። ዕድሜ ግን አሁንም ይታያል፣ በተለይ 50 እና 55 ካለፈ።

አስተርጓሚው ሙሉ ነጥብ ያገኛል። በነፃ ነው፣ ቀጠሮ ስትይዙ አማርኛ ብላችሁ ጠይቁ፣ በስልክ መስመር ላይ ነው የሚያስገቡላችሁ፣ የኛዋ ሴትዮ ታጋሽ ነበረች፣ አጎቴን አንቱ እያለች ስትጠይቃቸው ዘና ብለው አወሩ። ከ2025 ጥር ጀምሮ ለአብዛኛው ጉዳይ ቀጠሮ ያስፈልጋል፣ ዝም ብላችሁ አትሂዱ። ወረቀት ስለጎደለ ብላችሁም አትቆዩ፣ የማመልከቻው ቀን ገንዘቡ ላይ ለውጥ አለው፣ የጎደለውን በኋላ ታስገባላችሁ።

ፎርም እንሞላለን ለሚሉ ሰዎች ቀድማችሁ ብር አትስጡ፣ እኛ መጀመሪያ ለአንድ ሰው ከፍለን የዶክተሮቹን ስም እንኳን አሳስቶ ነው የሞላው። ጠበቃ ካስፈለጋችሁ አብዛኞቹ ስታሸንፉ ከሚመጣው ውዝፍ 25 ፐርሰንት ነው የሚወስዱት፣ ጣሪያውም በ2025 9200 ዶላር ነበር።

መልሱ ብዙ ወር ይፈጃል፣ በመሀል እነሱ በሚከፍሉት ሀኪም እንድትታዩ ከጠሯችሁ እንዳትቀሩ። ካልተፈቀደ በ60 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት ይቻላል፣ አዲስ ማመልከቻ ከመጀመር ይሄ ይሻላል፣ ፖስታ ሳጥናችሁን በየቀኑ ክፈቱ።