የቅዳሜ ከሰዓቱ የፍርድ ንባብ፦ 400 ብር ያወጣል ወይ?

መልሱን ላስቀድም። ያወጣል። ወንበሩ ይጎረብጣል፣ ሰዓት አይከበርም፣ ቡናው ለብቻው ይከፈልበታል፣ እንዲያም ሆኖ ያወጣል።

ለማታውቁት፦ አራት ኪሎ፣ ከሐውልቱ ወደ ፒያሳ ሲኬድ፣ ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት በላይ ጠበብ ያለች ክፍል አለች። ድሮ ዳኛ የነበሩ፣ አሁን በጥብቅና የሚሠሩ ሰውዬ ቅዳሜ ቅዳሜ የሰው አገር የፍርድ መዝገብ ይዘው ይመጣሉ። ኮፒው ይታደላል፣ እሳቸው ያነባሉ፣ ተሳታፊው ይከራከራል። ታፔላ የለውም፣ ሰው በሰው ነው የሚገባው። ሁሉም «ጋሼ» ነው የሚላቸው። የሚመጣው የሕግ ተማሪ፣ ወጣት ጠበቃ፣ አንዳንዴ ደግሞ የራሱ የውርስ ጉዳይ ልደታ ፍርድ ቤት የተንጠለጠለበት ሰው ነው። ይህኛው ከሩቁ ይለያል፣ የሚጠይቀው ሁሉ ዞሮ ዞሮ የአጎቱ ቤት ጋ ይደርሳል።

ሰሞኑን የቀረበው የናይጄሪያ ዮሩባዎች የንግሥና ውርስ ክርክር ነበር። «ይሄ ለእኛ ምን ያደርግልናል?» ብሎ ያጉረመረመ አልጠፋም። ጋሼ አልሰሙም፣ ወይም እንዳልሰሙ ሆኑ፣ በኦዮ ከተማ ጀመሩ። (ከዚህ በታች የውጭውን አገር በሚመለከት የምጠቅሰው ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ ነው።) የኦዮ ንጉሥ ማዕረጉ አላፊን ይባላል። ላሚዲ አዴዬሚ ሣልሳዊ ከ1970 ጀምሮ ነግሠው በሚያዝያ 2022 ዐረፉ። ዙፋኑ ላይ መብት ያላቸው ሁለት ነጋሽ ቤቶች አሉ፣ አጉንሎዬና አሎዎሎዱ። መራጮቹ ደግሞ ኦዮሜሲ የሚባሉ ሰባት አንጋሾች ናቸው፣ አለቃቸው ባሾሩን ይባላል። እነዚህ አንጋሾች አንድ ልዑል መረጡ፣ የኦዮ ግዛት ገዢ ሴዪ ማኪንዴ ግን አላጸድቅም አሉ። ዙፋኑ ባዶውን ከረመ። በጥር 2025 ገዢው አቢምቦላ ኦዎአዴን አጸደቁ። ከአንጋሾቹ ወገን ተቃውሞ ተነሣ፣ ነገሩም ፍርድ ቤት ደረሰ።

እዚህ ጋ ጋሼ ንባቡን አቆሙና ነጩ ሰሌዳ ላይ አንድ ጥያቄ ጻፉ። ዳኛው የተጠየቀው ምንድን ነው? ክፍሉ ተንጫጫ። ማን ይሻላል፣ ማን ተማረ፣ ሕዝቡ ማንን ይወዳል፣ ምኑ ቅጡ። ሁሉንም ሰረዙት። እንዲህ ያለ ክስ ላይ የተቀመጠ ዳኛ ንጉሥ አይመርጥም፤ ተራው የየትኛው ቤት ነበር፣ እጩውን ያቀረበው የማቅረብ መብት ያለው ነው ወይ፣ አንጋሾቹ በሚገባ ተሰብስበው ነው ወይ የወሰኑት፣ ያጸደቀው ባለሥልጣንስ ሕጉ ባስቀመጠለት መንገድ ሄዷል ወይ፣ ይህንን ነው የሚመረምረው። የምዕራብ ናይጄሪያው የ1957 የባላባቶች ሕግ ለየማዕረጉ የተመዘገበ የወግ ሰነድ እንዲኖር አድርጓል። ነጋሽ ቤቶቹ እነማን ናቸው፣ ተራው እንዴት ይዞራል፣ አንጋሾቹ እነማን ናቸው፣ ሁሉም እዚያ ላይ ይሰፍራል። ስለዚህ ብዙው ሙግት የሚነሣው ከዚያ ወረቀት ነው። ሰነዱ ሲረቀቅ የእኛ ቤት ተረስቷል የሚል ወገን መቼም አይጠፋም። የ1963ቱ ሕገ መንግሥት ጭራሽ ፍርድ ቤት በባህላዊ ሹመት ክርክር እንዳይገባ አግዶ ነበር፣ የ1979ኙ ሲመጣ ነው በሩ የተከፈተው። ይህን ጋሼ በሁለት ዐረፍተ ነገር አለፉት። ቢቆዩበት ደስ ይለኝ ነበር።

ለእኔ 400 ብሩ የተመለሰው ግን ቀጥሎ በመጣው ነው። ሁለት ቤተሰብ ፍርድ ቤት ቀርቦ እያንዳንዱ «አያቶቻችን እንዲህ ነግረውናል» ይላል። ሁለቱም ሽማግሌዎች ሐቀኞች ናቸው፣ ሁለቱም የሰሙትን ነው የሚናገሩት፣ ግን ታሪኮቹ አይገጥሙም። ዳኛው ምን ያድርግ? አንደበቱ የሚጥመውን ይመን? ለንደን የነበረው የቅኝ ግዛቶች የመጨረሻ ይግባኝ ችሎት ከጎልድ ኮስት፣ ከዛሬዋ ጋና፣ በመጣ መዝገብ ላይ በ1957 የሰጠው ውሳኔ አለ። ኮጆና ቦንሲ የተከራከሩበት ነው፣ የናይጄሪያ ዳኞች እስከ ዛሬ ይጠቅሱታል። የምስክሩን ሁኔታ እያየህ አትፍረድ፣ ሁለቱን ታሪኮች በቅርብ ዘመን በሆነው ነገር ፈትናቸው ይላል። ባለፈው ማን ነገሠ? ያኔ ማን ተቃወመ? ማንስ ዝም አለ? ይህ ሲነበብ ያ የአጎቱ ቤት ሰውዬ ደብተሩን አውጥቶ መጻፍ ጀመረ። ከዚያ ወዲያ ቀና ሲል አላየሁትም።

ከዚያ የሌጎሱ ንጉሥ የኤሹግባዪ ኤሌኮ መዝገብ መጣ። እንግሊዞቹ ከማዕረግህ ተሽረሃል ብለው በ1925 ወደ ኦዮ አጋዙት፣ እሱም ሙግቱን እስከ ለንደን ገፋው። በ1931 ሎርድ አትኪን ባነበቡት ውሳኔ አስተዳደሩ የሰውን ነጻነት ሲነካ ሕጋዊነቱን ፍርድ ቤት ፊት ማስረዳት አለበት ተባለ። በእውነት ተሽሯል ወይ፣ የአገሩስ ወግ የተሻረ ሰው ይሰደድ ይላል ወይ የሚለውን ዳኞቹ ራሳቸው ያጣሩት ማለት ነው። በዚያው ዓመት ሌጎስ ገባ። ጋሼ ድንገት ወደ እኛ ዞሩ። የእኛ የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት የወጣው በ1923 ዓ.ም. ነው፣ ያው በፈረንጆቹ 1931። ዘውዱ ከኃይለ ሥላሴ ዘር እንዳይወጣ የተጻፈበት። እዚያ አገር የተሻረ ንጉሥ ገዢውን በሕግ ይረታል፣ እዚህ የንጉሡ ዘር በሕግ ይታጠራል። አንዷ የሕግ ተማሪ «ጋሼ፣ የልጅ ኢያሱ ወገኖች የት ሄደው ይክሰሱ ነበር?» አለች። ሳቅ ብቻ። መልስ የለም።

የከፋኝ ነገር በዚያው በኦዮ ግዛት ያለችው ኢባዳን ከተማ ላይ ሲደረስ ሰዓት ማለቁ ነው። እኔ ብሆን ከእሷ ነበር የምጀምረው። እዚያ ኦሉባዳን፣ ማለትም የከተማዋ ንጉሥ፣ የሚሆነው ሰው በሁለት መስመር፣ በሲቪሉና በጦሩ፣ ከታች ጀምሮ በየእርከኑ እየወጣ ዐሥርት ዓመታት ይጠብቃል፣ ሁለቱ መስመሮችም ይፈራረቃሉ። ማን ይተካል የሚለው አስቀድሞ ስለሚታወቅ በዙፋኑ ላይ ብዙ ሙግት የለም። ሆኖም በ2017 የግዛቱ ገዢ ለመኳንንቱ ዘውድ ሲያድል ራሺዲ ላዶጃ አልቀበልም ብለው ከሰሱ፣ በ2018 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ፈረደላቸው። ሰውዬው ቀድሞ ራሳቸው የዚያው ግዛት ገዢ የነበሩ ናቸው! ተራቸውን ጠብቀው በመስከረም 2025 በ81 ዓመታቸው ነገሡ። ይህ ሁሉ ሰው ቦርሳውን እየዘጋ በሩጫ ተነገረ።

«ለእኛ ምን ያደርግልናል» ላለው ሰው መልሱ ማለቂያው ላይ መጣ፣ በቂ ግን አልነበረም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 3347 እሱ በደነገገበት ጉዳይ ሁሉ የቀደመውን ልማድ ሽሮታል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 34 ተከራካሪዎቹ ከተስማሙ የግልና የቤተሰብ ክርክር በባህል ወይም በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኝ በር ይተዋል። ናይጄሪያዎቹ ወጉን መዝግበው ችሎት አስገቡት፣ እኛ በሕግ ሽረን ሽማግሌው ጋ ተውነው። እዚህ ላይ ሙሉ አንድ ቅዳሜ ቢመደብ እከፍላለሁ።

አሁን ወደ ቅሬታው። የሚታደለው ኮፒ ደብዛዛ ነው፣ ታች ፎቶ ኮፒ ቤት እያለ ይህ አያሳፍርም? መዝገቦቹ እንግሊዝኛ ስለሆኑ በቋንቋው የሚቸገር ሰው ጋሼ በአማርኛ እስኪያፍታቱት መጠበቅ አለበት፣ እሳቸውም ሲሞቃቸው ይረሱታል። ስምንት ሰዓት ተብሎ ዘጠኝ ሊሆን ሲል ነው የተጀመረው። ደረጃው ጨለማ ነው፣ በተለይ ስትወጡ ሳይሆን ስትወርዱ።

ክፍያ በቴሌብር ነው፣ ተማሪ መታወቂያ ካሳየ ግማሽ ይከፍላል። መስኮቱ ሥር ያለው ወንበር ብቻ ነው የማይጎረብጠው፣ ቀድማችሁ ግቡ። ቀጣዩ ርዕስ የጋና ነው ተብሏል።