ዳገት ላይ መነሳት ለሚያስጨንቃችሁ፦ የሐረሩ ጋሼ

አቦ ይመችዎ ጋሼ! ሐረር ውስጥ የእጅ ፍሬኑ በበተን የሚሠራ ማንዋል መኪና ይዛችሁ ዳገት በመጣ ቁጥር የምትጨነቁ ካላችሁ፣ እኚህን አሰልጣኝ ሳታገኙ መኪናውን ለደላላ እንዳትሰጡት። ሳያስፈቅዱ ስልክ መለጠፍ ነውር ስለሆነ የፈለገ በውስጥ መስመር ይጠይቀን።

ችግሩ ይታወቃል። አብዛኛው ሰው የለመደው በእጅ የሚሳበውን ፍሬን ነው፤ ሞተሩ መጎተቱ ሲሰማው ቀስ እያደረገ ይለቀዋል። በበተኑ ግን ግማሽ መልቀቅ የለም። የኋላ ፍሬኑን የሚያጠብቀው ትንሽ ሞተር ወይ ይይዛል ወይ ይለቃል፤ ስለዚህ ሥራው ሁሉ የእግር ነው።

ጋሼ መጀመሪያ የሚያዩት ቀበቶ ነው። ብዙዎቹ መኪኖች ፍሬኑን በራሳቸው የሚለቁት ሞተሩ ተነስቶ፣ የሹፌሩ ቀበቶ ታስሮ፣ በሩም ተዘግቶ ከሆነ ብቻ ነው። ቀበቶ ሳያስር ነዳጅ የሚሰጥ ሰው መኪናው ተይዞ ሲንፈራገጥበት «ፍሬኑ ተበላሽቷል» ብሎ ጋራዥ ይሄዳል። ሌላው የሚረሳው ደግሞ ይሄ ነው፦ በተኑን ተጭኖ ለመልቀቅ የግድ የእግር ፍሬን መረገጥ አለበት። ካልተረገጠ መኪናው እሺ አይልም።

አነሳሱ እንዲህ ነው። ፍሪሲዮን እስከ መጨረሻው ይረገጥና አንደኛ ማርሽ ይገባል። ነዳጅ ይሰጣል፤ ዙሩ 1,500 አካባቢ፣ ዳገቱ ከከፋ ወደ 2,000። ከዚያ ፍሪሲዮኑ እስኪይዝ ቀስ ተብሎ ይለቀቃል። መያዙ የሚታወቀው የሞተሩ ድምፅ ሲወፍርና የመኪናው አፍንጫ ትንሽ ቀና ሲል ነው። እዚያ ላይ እግር ይቆማል፤ ነዳጁ ትንሽ ሲጨመር ፍሬኑ «ዚዝ» ብሎ ራሱ ይለቃል። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፦ ድምፁን ሲሰማ ደስ ብሎት ፍሪሲዮኑን በአንዴ ይለቀዋል፣ ሞተሩም ይጠፋል። አንድ ሁለት ሜትር እስኪሄድ ፍሪሲዮኑ እዚያው ይያዝ።

ይሄን ለማስለመድ ከኋላ ጎማ አንድ ስንዝር ርቀት ላይ ባዶ ሃይላንድ ያቆማሉ። ከተጨማደደ እንደገና ነው። መስታወት እያዩ ከመሳቀቅ ይሻላል፤ ከኤረር በር ወደ ፈረስ መጋላ ሽቅብ ስትወጡ ከኋላችሁ የሚለጠፈው ባጃጅ ከስንዝር ብዙ አይርቅም።

ዳገት ላይ የሚይዝ ሲስተም ያለው መኪና ደግሞ የእግር ፍሬኑ ከተለቀቀ በኋላ 2 ሴኮንድ ገደማ ብቻ ነው የሚይዘው። እግር ከፍሬን ወደ ነዳጅ ለመሻገር ይበቃል፣ ስልክ ለማየት አይበቃም። መኪናችሁ ይኑረው አይኑረው ሜዳ ላይ አይታወቅም፤ ለዘብ ያለ ዳገት ላይ ሰው ሳይኖር ይሞከር።

ከድሬ ለምትመጡ አንድ ነገር። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረር ደግሞ ከ1,800 በላይ። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ገደማ ስለሚያጣ፣ የድሬ ሜዳ ላይ የለመደ እግር የደንገጎን ዳገት ከወጣ በኋላ ሞተር ቢያጠፋ አይገርምም። ትንሽ ነዳጅ ይጨመርለት። ግን መኪናውን በፍሪሲዮን አንጠልጥሎ ዳገት ላይ መጠበቅ ክልክል ነው፤ የሚሸተው ሽታ የፍሪሲዮኑ ሸራ ነው። ሰልፉ ከቆመ በተኑን ስቦ እግር ማሳረፍ።

ባትሪ ከደከመ ፍሬኑ አልለቅ ሊል ይችላል፤ ከበተኑ ጋር ከመታገል በፊት ባትሪው ይታይ። የኋላ ፍሬን ሸራ የሚያስቀይርም ለመካኒኩ አስቀድሞ ይንገር፤ የፍሬኑ ፒስተን በኮምፒውተር ሳይመለስ በጉልበት ከተገፋ ፍሬኑን የሚያጠብቀው ትንሹ ሞተር ሊሰበር ይችላል።

ጋሼ የሚያሰለጥኑት ጠዋት ብቻ ነው። ከምሳ በኋላ አይደውሉላቸው፤ ምክንያቱን የሐረር ሰው ያውቀዋል።