ደሴ ላይ የቲክቶክ ሥልጠና፦ ለሶፋ ሠሪ ይሆናል?

ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው። ሶፋ፣ አልጋ፣ ቁም ሳጥን፣ ቡፌ እሠራለሁ። ሥልጠናው የሚሰጠው ግን ደሴ፣ ፒያሳ አካባቢ ነው። ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት፣ ለአንድ ወር። ክፍያው 3,500 ብር ሲሆን በቴሌብርም ይቀበላሉ። ማስታወቂያቸው «10 ሺህ ተከታይ እናስገኛለን» ይላል። ስማቸውን አልጠቅስም። ልጆቹ ገና ጀማሪ ናቸው፣ የምወቅሳቸውም ነገር አለ።

ወቀሳውን ላስቀድም። የመጀመሪያው አጋማሽ ለከፈልኩት ብር አይመጥንም። አብዛኛው ሰዓት ያለቀው «ቲክቶክ እንዴት ይከፍላል» በሚል ወሬ ነው። የነገሩን ቁጥር እንኳ ልክ ነው። ቲክቶክ ለቪዲዮ ሠሪዎች የሚሰጠውን ክፍያ ለማግኘት 10,000 ተከታይና ባለፉት 30 ቀናት 100,000 እይታ ያስፈልጋል። ቪዲዮውም ከ1 ደቂቃ መብለጥ አለበት። ይህን ሁሉ ሰሌዳ ላይ ጽፈው አስገለበጡን። ክፍያው ለጥቂት አገሮች ብቻ እንደሆነና ኢትዮጵያ ዝርዝሩ ውስጥ እንደሌለች ግን አልነገሩንም። ኋላ የተቀመጠ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው ከስልኩ አንብቦ ያወጣው። አሠልጣኙ «እሱ በቪፒኤን ይታለፋል» አለ፤ ስልኩን ሌላ አገር ያለ በሚያስመስል መተግበሪያ ማለቱ ነው። እኔ ሶፋ ልሽጥ ሄጄ ከቪፒኤን ጋር ምን አገናኘኝ?

ቀጥሎ ደግሞ ፎሎ በፎሎ መጣ። የክፍሉ ሰው በሙሉ አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ገባ። ከእኛ በፊት የሠለጠኑትም እዚያው አሉ። ሁሉም ሁሉን ይከተላል። የተከታይ ቁጥር በአንድ ሌሊት ዘለለ፣ እይታው ግን ወረደ። ለምን ቢባል፣ ቲክቶክ አዲስ ቪዲዮን መጀመሪያ ለጥቂት ሰው አሳይቶ ይመዝናል። እነሱ ሳያዩ ካለፉት ቪዲዮው እዚያው ይቀራል። ሽቶ ነጋዴዋና የኳስ ተንታኙ የኔን ቁም ሳጥን ምን ብለው እስከ መጨረሻ ያያሉ? እድምተኛ ተውሶ ድንኳን መሙላት ማለት ይኼ ነው። በርግጥ 1,000 ተከታይ አንድ ጥቅም አለው፤ ዕድሜው 18 የሞላ ሰው በአብዛኛው ላይቭ መግባት የሚችለው እዚያ ሲደርስ ነው።

ሁለተኛውን አጋማሽ ሌላ ልጅ ተረከበችው። እዚህ ላይ ብሬ ተመለሰ ማለት እችላለሁ። ወሬ አታበዛም። እያንዳንዳችን ጋ መጥታ ስልካችንን ታያለች።

«ጋሼ፣ እስቲ ቪዲዮዎን ይክፈቱት» አለችኝ። ከዚያ ሰው ስንተኛው ሴኮንድ ላይ እንደሚወጣ የሚያሳየውን መስመር አሳየችኝ። መስመሩ ገና ሲጀምር ገደል ይገባል።

«እዚህ ጋ ምን እያሉ ነው?»

ሰላምታ ላይ ነኝ። ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ፣ ቤተሰብ እንዴት ነው።

«ይቁረጡት» አለች።

«ልጄ፣ ወሎዬ እኮ ነኝ! ሰው ደኅንነቱን ሳልጠይቅ ወደ ዋጋ ልግባ?»

«አብሽር ጋሼ፣ መጨረሻ ላይ ይጠይቋቸዋል።»

አሁን ቪዲዮዬ የሚጀምረው ረዳቶቼ አዲስ አልጋ ላይ ሲዘሉ ነው። ሲጢጥ ይላል ወይስ አይልም? ሰው ያንን ለመስማት ይቆያል። የእንጨቱን ዓይነትና የሙጫውን ነገር ከዚያ በኋላ አወራለሁ።

ድምፅ ላይም ጎበዝ ናት። መጋዙ እየጮኸ መቅረጽ የለም። ማሽኑን አጥፍቶ፣ ኮሌታ ላይ የምትሰካውን ርካሽ ማይክ ሰክቶ ማውራት ነው። በሩን ከኋላ አድርጎ መቆም ፊትን ያጠቁራል፤ ወደ በሩ ዞሮ መቆም ይሻላል። ካፕከት በሚባለው የቪዲዮ ማቀናበሪያ ላይ አማርኛ ጽሑፍ መጨመርም አሳይታናለች፣ ታክሲ ውስጥ ድምፅ ዘግቶ የሚያይ ሰው ብዙ ነውና።

ያልተስማማንበት ነገር አለ። «ዋጋ አይጻፉ፣ በኢንቦክስ ይበሉ፤ ኮሜንት ይበዛል፣ ቪዲዮውም ይገፋል» ትላለች። እሷ ያለችው እይታ ላይ ይሠራ ይሆናል። ደንበኛ ግን ይሸሻል። እኔ ራሴ «ዋጋ በኢንቦክስ» የሚል ሳይ ውድ ነው ብዬ አልፋለሁ። ስለዚህ ዋጋውን በትልቁ እጽፋለሁ፣ ከሥሩም «ኮምቦልቻ» እላለሁ። ከአዲስ አበባ «ዋው» የሚለኝ ሰው ይኑር፣ ደስ ይለኛል። ግን ወደ 380 ኪሎ ሜትር ሶፋ ማን ይጭናል? የኔ ገበያ በኮምቦልቻና በደሴ መካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት ወጥቶና ወርዶ የሚመላለሰው ሰው ነው። ሥልጠናው ከጎደለው ሁሉ ትልቁ ይኼ ነው። ለኮሜዲያን የተዘጋጀ ትምህርት ነው ለነጋዴ የሚሰጡት። ሰፈርህ ያለውን ሰው እንዴት ታገኘዋለህ የሚል አንድ ክፍለ ጊዜ እንኳ አልነበረም። ቡፌ ያዘዘችኝ የሐይቅ ከተማዋ ሴት ያገኘችኝ ተከታዬ ሆና አይደለም። የደሴ እህቷ ቪዲዮውን በቴሌግራም ልካላት ነው።

ሰርተፍኬት ይሰጣሉ። ደንበኛ አይጠይቀኝም።

ልትመዘገቡ ካሰባችሁ ሁለተኛውን አጋማሽ ብቻ ጠይቁ። ከእኛ ጋር የነበረች አንዲት ፀጉር ሠሪ በግማሽ ዋጋ እንደዚያ ገብታለች። ስልካችሁን ሞልታችሁ ሂዱ፣ መብራት ይጠፋል፤ ጄኔሬተራቸውም ለፕሮጀክተሩ ብቻ ነው የሚበቃው። ከኮምቦልቻ የምትወጡ ደግሞ ጃኬት ያዙ፤ ከሰዓት በኋላ የጦሳ ተራራ ብርድ ቀጥ ብሎ ክፍሉ ይገባል።