ለቡቺ የገዛሁት የሲቢዲ ዘይት እና የሁለተኛው ብልቃጥ ጉድ

ውሻዬ ቡቺ 11 ዓመቱ ነው፣ ክብደቱ 14 ኪሎ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ የኋላ እግሮቹን መገጣጠሚያ ያመዋል። ጠዋት ሲነሳ መጀመሪያ ዝም ብሎ ይቆማል፣ ከዚያ ነው አንድ እግሩን ቀስ አድርጎ የሚያነሳው። ይህን በየቀኑ እያዩ መቀመጥ ከባድ ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው የሚያወራለትን ለውሻ የተዘጋጀ የሲቢዲ ዘይት በኢንተርኔት አዘዝኩ። የምርቱን ስም አልጠራም። ግን እንዲህ ዓይነት ብልቃጥ ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ እባካችሁ መጀመሪያ ይህን አንብቡ፤ ቡቺ በዚህ ዘይት ምክንያት አንድ ሌሊት ክሊኒክ አድሯል።

ብልቃጡ ላይ «ከቲኤችሲ ነፃ» ይላል። ሲቢዲም ቲኤችሲም ከካናቢስ ተክል ነው የሚገኙት፤ ሰውን የሚያሰክረው ቲኤችሲው ነው፣ ውሻንም ክፉኛ የሚጎዳው እሱ ነው። ከዚያ በታች በትልቁ 300 ሚሊግራም ተጽፏል። ይህ ግን የጠቅላላው ብልቃጥ መጠን ነው። ብልቃጡ 30 ሚሊ ሊትር ስለሚይዝ በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ ያለው 10 ሚሊግራም ብቻ ነው ማለት ነው። ይህን ሒሳብ ቁጭ ብዬ ራሴ ሠራሁት እንጂ የትም አልተጻፈም። ጠብታ መስጫውም የመጠን ምልክት የለውም፣ በዓይን ግምት ነው የምትሰጡት።

መመሪያው ግማሽ መስጫ ጠዋት፣ ግማሽ ማታ ይላል። ይህ ለአንድ ጊዜ 5 ሚሊግራም ገደማ ነው። በ2018 የወጣው የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ጥናት ላይ መገጣጠሚያቸውን የሚያማቸው ውሾች ሕመማቸው የቀለለላቸው ግን በየኪሎው 2 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ ሲሰጣቸው ነበር። ለቡቺ ሲሰላ ለአንድ ጊዜ 28 ሚሊግራም ይመጣል። በዚህ ሒሳብ ብልቃጡ ከአምስት ቀን ብዙም አያልፍም። በዚያው ጥናት ላይ የጉበት ኢንዛይም ከፍ ማለቱም ታይቷል፤ ብልቃጡ ላይ ስለ ጉበት አንዲት ቃል የለም።

የመጀመሪያው ብልቃጥ ልክ አንድ ወር ሄደ። ቡቺ ላይ ያየሁት ለውጥ የለም፣ ጥሩም መጥፎም። ለሻጩ ጻፍኩለት። «በእጥፍ ይስጡት፣ ምንም ጉዳት የለውም» አለኝ። ክብደቱን እንኳ አልጠየቀኝም። ሁለተኛውን አዘዝኩ። ሲመጣ ዘይቱ ጠቆር ያለ፣ ሽታውም ጠንከር ያለ ነበር። ያኔ ነበር መጠርጠር፤ እኔ ግን አልጠረጠርኩም።

ማታ 2 ሰዓት ላይ ሙሉ መስጫ ሰጠሁት። 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ከተኛበት ተነሳ። የሳሎኑ መሃል አራት እግሩን አንፈራጦ ቆመ። ጭንቅላቱ ቁጭ ብሎ እንደሚያንቀላፋ ሰው ወደፊት ዝንብል ይላል፣ ከዚያ ደንገጥ ብሎ ቀና ይላል፣ እንደገና ዝንብል። ልዳብሰው እጄን ስዘረጋ እንደሚመታ ሁሉ ሽምቅቅ አለ። ሽንቱ ጠብ ጠብ ይላል፣ እሱ ግን አያውቀውም። ዓይኑን ሳየው መሃሉ ሰፍቶ ጥቁር ብቻ ሆኗል። እኔ በደም ግፊት አንጎሉ ተመታ ብዬ ነበር።

ክሊኒኩ የደረስነው በግማሽ ሰዓት ውስጥ ነው። ዶክተሯ ገና ከበሩ ስታየው «ካናቢስ ያለበት ነገር አግኝቷል? እርስዎን ለመክሰስ አይደለም፣ እሱን ለማከም ነው» አለችኝ። ብልቃጡን ሰጠኋት። የውሻ አንጎል ቲኤችሲ የሚያርፍባቸው ተቀባዮች ከሰው በላይ እንዳሉት፣ በተለይ ሚዛን የሚጠብቀው የኋለኛው ክፍል በእነሱ የተሞላ እንደሆነ አስረዳችኝ። እንደ ሰካራም የሚያንገዳግደው ለዚህ ነው። ለሰው የተሠራውን የሽንት መመርመሪያም ሞከረችው፤ ቀድማ ግን ውሻ ላይ ብዙ ጊዜ እንደሚሳሳት፣ ምንም ባያሳይም ነፃ ነው ማለት እንዳልሆነ ነገረችኝ። እውነትም ምንም አላሳየም።

እንዲያስመልሰው ለመንኳት። እምቢ አለች። እንዲህ የደነዘዘ ውሻ ቢያስመልስ ትውከቱ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል፣ ቲኤችሲ ራሱም ትውከትን የሚያፍን ነገር ነው። ማርከሻ መድኃኒትም የለውም። የሙቀቱ መጠን 37.2 ነበር፣ የጤነኛ ውሻ 38 እና ከዚያ በላይ ነው፤ ልቡም ቀስ ብሎ ነው የሚመታው። ብርድ ልብስ አለበሱት፣ ፈሳሽ በደም ሥሩ ሰጡት፣ መብራቱን ቀንሰው ሌሊቱን ሙሉ ተከታተሉት። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ስወስደው ጭራውን ቆላልኝ። ለዚህ ሐኪም ቤት ያለኝ ምስጋና ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል።

ቡቺ ላይ የደረሰው ከቀላሉ ወገን ነው። ዶክተሯን ይበልጥ የሚያሳስባት ሰዎች ለራሳቸው የሚያስቀምጡት ካናቢስ ያለበት ኬክ፣ ቸኮሌትና ከረሜላ ነው። ውሻ አንድ ጎርሶ አያቆምም፣ ያገኘውን ሁሉ ከነመጠቅለያው ይጨርሳል። ቸኮሌቱ በራሱ ለውሻ መርዝ ነው። ዛይሊቶል የሚባለው ማጣፈጫ ካለበት ደግሞ ስኳሩን በድንገት ያወርደዋል፣ ጉበቱንም ሊያጠፋው ይችላል። ሞት ብርቅ ነው፣ ግን አለ፦ አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ውስጥ ከ2005 እስከ 2010 ድረስ 125 ውሾችን ባየ ጥናት ላይ ሁለቱ ሞተዋል፣ ሁለቱም የበሉት ጠንካራ የካናቢስ ቅቤ የገባበት ጋገራ ነበር። መንገድ ላይ የተጣለ ቁራጭ የሚለቅም ውሻ ያላችሁም ዓይናችሁን ከእሱ አትንቀሉ።

ወደ ብልቃጡ ልመለስ። ማሸጊያው ላይ ያለውን ኮድ በስልኬ ሳነሳው የላብራቶሪ ውጤት ይከፈታል፣ ቲኤችሲ የለም ይላል። ግን ወረቀቱ ላይ ያለው የምርት ዙር ቁጥር ከሁለቱም ብልቃጦቼ ቁጥር ጋር አይገናኝም። የየትኛው ዘይት ውጤት ነው ታዲያ? የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ለእንስሳት ያጸደቀው አንድም የሲቢዲ ምርት የለም፤ ስለዚህ እኛን የሚጠብቀን ያ ቁጥር ብቻ ነው። ቁጥሩ ካልገጠመ አትግዙ። ውሻችሁ ሌላ መድኃኒት የሚወስድ ከሆነማ ሐኪሙን ሳትጠይቁ ጠብታም እንዳትሰጡ።

ከአምስት ኮከብ አንድ ነው የሰጠሁት፣ እሱም ዝቅ ማድረግ ስለማይቻል ነው። ለሻጩ የሁለቱንም ብልቃጦች ፎቶ ከሐኪሟ ማስታወሻ ጋር ልኬለታለሁ። «እናጣራለን» ካለኝ ሦስት ሳምንት ሆነው። የተረፈውን ዘይት አልጣልኩትም፣ ቡቺ በማይደርስበት ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፌበታለሁ፣ የሚመረምርልኝ ላብራቶሪ እያፈላለግኩ ነው። ውጤቱን ሳገኝ እዚሁ እጨምራለሁ።