ዲኦቲፒ በዲኦፒ ቦታ፦ የለስላሳ ፒቪሲ ማለስለሻ ግምገማ

የጫማ ሶል፣ የውሃ ቱቦ ወይም ተራ የኤሌክትሪክ ሽቦ ሽፋን ለሚያመርት ሰው ዛሬ ዲኦቲፒ የተባለው ማለስለሻ (ጠንካራውን ፒቪሲ ፕላስቲክ የሚያለሰልስ ዘይት መሰል ኬሚካል) ቀዳሚ ምርጫ ቢሆን አያስቆጭም። ከተለመደው የድሮ ማለስለሻ ከዲኦፒ ጋር የኬሚካል ቀመሩ አንድ ነው፤ ሁለቱ የኤስተር ክንዶች ቀለበቱ ላይ የተተከሉበት ቦታ ብቻ ይለያያል። ያቺ ልዩነት ግን ብዙ ታወጣለች፦ በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2020 አጋማሽ ጀምሮ ዲኦፒና ሦስት ዘመዶቹ ተደምረው በአብዛኛው የሸማች ዕቃ ውስጥ 0.1 በመቶ እንዳይደርሱ ሲታገድ ዲኦቲፒ አልተነካም።

በ100 ኪሎ ሬዚን (የፒቪሲ ዱቄት) 50 ኪሎ ዲኦፒ ሾር ኤ በተባለው የጥንካሬ መለኪያ 80 አካባቢ ይሰጣል። ለዚያው ልስላሴ ዲኦቲፒ 51.5 ኪሎ፣ ዲአይኤንፒ የተባለው ሌላ ማለስለሻ ደግሞ 53 ኪሎ ይፈልጋል። ስለዚህ የበርሜሉን ዋጋ ሳይሆን የቀመሩን ዋጋ አወዳድሩ።

ጣጣው ያለው ማሽኑ ላይ ነው። ዲኦቲፒ ወደ ሬዚኑ የሚገባው ቀስ ብሎ ነው፤ በድሮው ሰዓትና ሙቀት ከተሠራ ዱቄቱ እርጥብ ሆኖ ይቀራል፣ ሆፐር (የማሽኑ መመገቢያ ቋት) ላይ ይጣበቃል፣ ምርቱም ላይ ያልቀለጡ ነጥቦች ይታያሉ። ማለስለሻውን ሞቅ አድርጉና ሚክሰሩ 80 ዲግሪ ሲጠጋ ቀስ እያላችሁ አፍስሱ፤ 115 ገደማ ሲደርስ ወደ ማቀዝቀዣው አውርዱ። መሙያ ዱቄቱ ካልሲየም ካርቦኔት የሚገባው ማለስለሻው ተመጥጦ ካለቀ በኋላ ነው። ከቀደመ ዘይቱን እሱ ይጠጣዋል፣ ሬዚኑ ይጠማል።

ለሁሉም ነገር ግን አይሆንም። 105 ዲግሪ ለሚችል ገመድ ማለስለሻው ቲኦቲኤም ነው፤ ውድ ነው፣ ግን በቀላሉ አይተንም። ብርድ ላይ እንዳይሰነጠቅ ከተፈለገ ከ50 ኪሎው 10 እስከ 15ቱን ብርድ በሚችለው ማለስለሻ በዲኦኤ መተካት ይበቃል። ዲኦኤ ብቻውን ከገባ ቶሎ ይተንና ዕቃው ይደርቃል። ሶል በኒኦፕሪን ማስቲሽ ለሚለጥፍ ደግሞ የማለስለሻ ምርጫ መፍትሔ አይሆንም፦ ዘይቱ ወደ ማስቲሹ ሰርጎ ያላላዋል፣ ሶሉም ይላቀቃል። የፖሊዩሬቴን ማስቲሽ ይጠቀሙ።

ጎማ ላይ ሒሳቡ ይለወጣል። እንደ ዲኦቲፒ ያለ ኤስተር የሚስማማው ከናይትራይል ጎማ ጋር ነው። ኢፒዲኤም በተባለው ጎማ ውስጥ በብዛት ከገባ ላዩ ላይ ያልበዋል፤ ለእሱ የፓራፊን ዘይት ይሻላል። ናይትራይልም ቢሆን ነዳጅ ወይም ትኩስ ዘይት የሚነካው ማሸጊያ (ጋስኬት) ከሆነ ነዳጁ ዲኦቲፒውን አጥቦ ያወጣዋል፣ ማሸጊያው ይሸበሸባል፣ ይደድራል። እዚህ ቦታ ፖሊመሪክ አዲፔት (ሞለኪውሉ ረጅም የሆነ ማለስለሻ) የተሻለ ነው።

ማላቡን አስቀድሞ ለማወቅ ከቀጭን ሉህ ላይ ቁራጭ ቆርጣችሁ አጥፉና በመቆንጠጫ ያዙት። በማግስቱ ስትፈቱት የእጥፋቱ ውስጠኛ ጎን በጣት ሲዳሰስ የሚያንሸራትት ከሆነ ማለስለሻው በዝቷል ወይም አልተስማማም።

ክሎሪን ያለው ፓራፊን ተቀላቅሎበት የሚሸጥ ዲኦቲፒም አለ። በክፍል ሙቀት የንጹሕ ዲኦቲፒ አንድ ሊትር 980 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ፓራፊኑ ግን ከ1,200 ግራም በላይ ነው። ሊትሩ ኪሎ ካለፈ በርሜሉን መልሱት።