ሳጥን አልገባም ላለች ድመት፦ ድሮፕ ትራፕ

የጎዳና ድመት ይዞ፣ አስመክኖ፣ መልሶ እዚያው መልቀቅ (እዚህ አሜሪካ ቲኤንአር የሚሉት) አብዛኛውን ጊዜ በሳጥን ወጥመድ ነው የሚሠራው። ድመቷ ገብታ መርገጫውን ስትረግጥ በሩ ይዘጋል፣ አለቀ። የተራቡት በብዛት ይገቡበታል። የሚያስቸግሩት ነቄዎቹ ናቸው፤ ጓደኛቸው ሲያዝ ያዩ፣ ወይም በሩ ወገባቸው ላይ ወርዶባቸው ያመለጡ። እንዲህ ያለችው ከሳጥኑ ሁለት ሜትር ርቃ ቁጭ ብላ ሳርዲኑን ስታይ ታመሻለች እንጂ አትገባም። ድሮፕ ትራፕ (ከላይ የሚወድቅ ወጥመድ) ገንዘብ የሚወጣበት ለእሷ ሲባል ነው።

አሠራሩ አገር ቤት ልጆች ወፍ ለመያዝ ቅርጫት በእንጨት ደግፈው በገመድ እንደሚጥሉት ነው። ጎኑ አንድ ሜትር ገደማ የሆነ፣ ከታች ክፍት፣ ዙሪያውንና ላዩን በመረብ የተሸፈነ አራት ማዕዘን ነው። በአንድ ጎኑ ወደ ላይ የሚሳብ ትንሽ በር አለው። ቶማሃውክ የተባለው ወጥመድ አምራች በኔበርሁድ ካትስ (የጎዳና ድመቶች ድርጅት) ስም የሚሸጠው ታጣፊ ስለሆነ ፖርቶ ባጋሊ ውስጥ ይገባል። ከሳጥኑ የሚበልጥበት ምክንያት ግልጽ ነው፦ ድመቷ ጠባብ ቦታ ውስጥ መግባት አይጠበቅባትም፣ እግሯ ሥር ሽቦ የለም፣ ዙሪያዋን ታያለች። በተጨማሪ የሚወድቅበትን ሰዓት የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። የጆሮዋ ጫፍ የተቆረጠ ድመት ከገባች ቀድሞ የመከነች ስለሆነች (ምልክቱ ይህ ነው) በልታ እስክትወጣ ትጠብቃላችሁ። ሳጥን ግን ማን እንደገባ አይለይም፤ ያችኑ ሆዳም ድመት ደጋግሞ ሊይዛት ይችላል።

ከመግዛታችሁ በፊት ግን ሳጥኑን በደንብ ሞክራችሁታል ወይ? በሩን በሽቦ ወይም በፕላስቲክ ማሰሪያ ክፍት አድርጋችሁ እሰሩትና በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት እዚያ አብሏት። መጀመሪያ ሳህኑ ደጃፉ ላይ ይሁን፣ ከዚያ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ወደ ውስጥ ይግባ። ወለሉን ጋዜጣ አልብሱት፤ ወረቀቱ መርገጫው ሥር ከተወሸቀ ግን ወጥመዱ አይሠራም። ድንጋይ ላይ እየተወዛወዘ የሚንኳኳ ሳጥን ድመት ያባርራል፣ ስለዚህ ደልዳላ መሬት ላይ፣ ግድግዳ ጥግ አስጠጉት። ልትይዟት ባሰባችሁበት ዋዜማ 24 ሰዓት ምግብ ይቋረጥ፤ ውሃ ግን አይከልከል። ጎረቤት ውስጥ ሌላ የሚያበላ ሰው ካለ እሱም ካላቆመ ልፋታችሁ ከንቱ ነው። መርገጫውን እየዘለለች ለምትበላዋ ደግሞ ማስነሻውን ትታችሁ በሩን ውሃ በሞላ ሃይላንድ ደግፉትና ሃይላንዱን በገመድ ጎትቱት። ይህ ሁሉ ተሞክሮ እምቢ ካለች፣ ያኔ ድሮፕ ትራፕ።

ሲዘረጋ አንዱን ጎን 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ በሆነ እንጨት ደግፉ፤ የእንጨቱን ግርጌ የማይለጠጥ ገመድ እሰሩበት፣ 10 ሜትር ያህል ርቃችሁ ተቀመጡ። መኪና ውስጥ ሆኖ መስኮት በኩል መያዝም ይሠራል። ምግቡ ከተነሣው ጎን በተቃራኒ፣ ከጫፉ ትንሽ ገባ ብሎ ይቀመጥ። ለሳጥን አንድ ሁለት ማንኪያ ቱና ይበቃል። እዚህ ግን ጭንቅላቷን ደፍታ እንድትቆይ ጠቀም ያለ፣ ሽታው የሚጣራ ምግብ ያስፈልጋል፤ በዘይት የተጠበሰ ዶሮ ወይም ሳርዲን ጥሩ ነው። የቆርቆሮ ጣሳ አታስገቡ፣ ስትደናበር ይቆርጣታል።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ገመዱ ነው። ድመቷ ገባች ብሎ መጎተት አይደለም። ገብታ፣ ዞር ብላ አይታ፣ ወጥታ፣ እንደገና ትገባለች። ሙሉ ሰውነቷ ውስጥ ሆኖ፣ አንገቷን ደፍታ፣ እየዋጠች ስታዩ ብቻ አንዴ ፈርጠም አድርጋችሁ ሳቡ። ጠርዙ ሥር ሌላ ድመት ወይም ግልገል ካለ አትሳቡ። እንደወደቀ ሩጡ! ጠንካራ ወንድ ድመት ቀላሉን ፍሬም በአፍንጫው ፈልቅቆ ይወጣል። በእግር ጠርዙን እየረገጣችሁ ባዘጋጃችሁት ወፍራም አንሶላ ሙሉ በሙሉ ሸፍኑት። ጨለማ ያረጋጋታል፤ ካልሸፈናችሁ መረቡን እየመታች አፍንጫዋን ታቆስላለች።

ከዚያ ማዛወር አለ፣ እውነተኛው ፈተና ይህ ነው። በኋላው ተንሸራታች በር ያለው የሳጥን ወጥመድ የግድ ያስፈልጋል (ከቶማሃውክ 606ኤንሲ እንዲህ ያለ በር አለው)። ሁለቱን በሮች ፊት ለፊት ግጠሙ፣ ጣት የሚያስገባ ክፍተት እንኳ አይኑር፣ በላስቲክ ማሰሪያ እሰሯቸው ወይም ሳጥኑን በጉልበት ግፉት። ድሮፕ ትራፑ እንደተሸፈነ ይቆይ፣ ሳጥኑ ግን ይገለጥ፤ ድመት ብርሃን ወዳለበት ትሮጣለች። ሁለቱን በሮች ሳቡ። ቆማ ከቀረች በእንጨት አትውጓት፣ ከጀርባዋ እፍ በሉባት። ስትገባ የሳጥኑን በር ዝጉ፣ መቆለፉን በእጅ አረጋግጡ፣ ሳጥኑን ሸፍኑና ከዚያ ብቻ አለያዩ።

ጉድለቱም ቀላል አይደለም። ጥላችሁት መሄድ አይቻልም። ተዳፋት ወይም ጎርበጥባጣ መሬት ላይ ከሥሩ ቀዳዳ ይተዋል። ነፋስ ካለ እንጨቱ በራሱ ይወድቃል፣ ያን ያየች ድመት ደግሞ ሁለተኛ አትጠጋም። ማዛወሩም ለብቻ ሰው ይከብዳል፤ ሁለት መሆን ይሻላል።

ጡቷ አብጦ የሚታይ እናት ከያዛችሁ ግልገሎቿ የሆነ ቦታ እየጠበቁ ነውና ለክሊኒኩ ንገሩ፣ እንዳትቆይ። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ሌሎቹ እዚያው ወጥመድ ውስጥ፣ ቤት ውስጥ፣ ተሸፍነው ሙሉ በሙሉ እስኪነቁ ድረስ ያድራሉ። ወፍራም ጓንት ንክሻ አያቆምም። ከነከሰች ቁስሉን 15 ደቂቃ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ አጥቦ ወዲያው ሐኪም ጋ መሄድ ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታ የውሻ ብቻ አይደለም።

ለአንድ ድመት ብቻ ከሆነ አትግዙ። ብዙ የእንስሳት መጠለያዎችና የአካባቢ ቡድኖች በመያዣ ገንዘብ ያውሳሉ፤ ዲሲ ላላችሁ ደግሞ፣ በዚህ ሥራ ስሙ የገነነው አሌይ ካት አላይስ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1990 የተነሣው በአንድ ወቅት የሐበሻ ምግብ ቤት ሞልቶበት በነበረው በአዳምስ ሞርጋን ሰፈር ነው። መጀመሪያ የክሊኒክ ቀጠሮ ያዙ፣ ወጥመዱ ከዚያ በኋላ። ስትረከቡም ተንሸራታቹን በር እዚያው ሁለት ሦስቴ ከፍታችሁ ዝጉት፤ የተጣመመ ወይም የዛገ ከሆነ ሌላ ይስጧችሁ።